በአባቱ ቤት የተቈጠረ ልጅ

ወላጅን ስለ ማክበር የተሰጠው ትእዛዝና በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ትእዛዝ የተሰጡት በአንድ ተራራ ላይ፣ ለአንድ ሕዝብ ነው። ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ ብሎ የሚያስብ ምእመን የለም። ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ በሰው ቤት ውስጥ ፊት ለፊት የተፋጠጡ መስለው ይታያሉ፤ ያን ጊዜም ልጅ የሆነ ሰው አንዱን ለመጠበቅ ሌላውን ማፍረስ ግድ የሆነበት ይመስለዋል። ከዚህ በታች የምንጽፈው ነገር ላይ ላዩን ሲያዩት የቀበሌ ጸሐፊና የመዝገብ ጉዳይ ነው፤ ሲመረምሩት ግን የእነዚህ የሁለቱ ትእዛዛት ጉዳይ ሆኖ ይገኛል።

ነገሩ የደረሰው ከጥቂት ዓመታት በፊት በጋሞ ዞን፣ በካምባ ወረዳ፣ ከደጋው ቀበሌዎች በአንዱ ነው። ካምባ ከአርባ ምንጭ በስተ ምዕራብ በተራሮች መካከል ያለ፣ በደጋው እንሰትና ገብስ፣ በቈላው በቆሎ የሚበቅልበት አገር ነው። መሬቱ ጠባብ፣ ሰዉም ብዙ ስለ ሆነ፣ የጋሞ ወጣት ገና በልጅነቱ ሽመና ተምሮ ወደ አዲስ አበባ መሄድ የቈየ ልማዱ ነው። በሽሮ ሜዳ ገበያ የሚሸጠው ጥበብ ከማን እጅ እንደሚወጣ የማያውቅ የለም። እንግዲህ የአንድ ሽማግሌ ልጅ እንዲሁ በ17 ዓመቱ ወጥቶ፣ በዚያ ሽመና ከጀመረ 8 ዓመት ሆኖት፣ ሚስትም አግብቶ አንድ ልጅ ወልዶ ነበር። በአባቱ ቀበሌ መዝገብ ላይ ግን አልሄደም። በዚያ እንደ ተጻፈው ከሆነ ዘወትር ከአባቱ ማዕድ ይበላል፤ ከአባቱም ጣሪያ በታች ያድራል።

መዝገቡ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት መዝገብ ነው። የዚህን ሥርዓት አሠራር የገጠር ካህናት ሁሉ እናውቀዋለን። ችግረኛ የሆነው አባወራ የቤተሰቡን ቍጥር ያስመዘግባል፤ ለአንድ ነፍስ በወር 5 ቀን የልማት ሥራ ይሠራል፤ ለዚያም 15 ኪሎ እህል ወይም ተመኑን በገንዘብ ይቀበላል። ይህም በዓመት ለ6 ወር ያህል ነው። ጕልበት የሌላቸው፣ አረጋውያንና ሕሙማን፣ ሳይሠሩ ይቀበላሉ። የእኒህ ሽማግሌ ቤተሰብ 5 ነፍስ ተብሎ ተጽፏል፤ እርሳቸው፣ ባለቤታቸው፣ ሁለት ሴቶች ልጆችና ይኸው በአዲስ አበባ ያለው ልጅ። እንግዲህ 25 የሥራ ቀንና 75 ኪሎ እህል ማለት ነው። የሌለውን ልጅ 5 ቀን ማን ይሠራዋል? ከሴቶቹ ታላቂቱ። ዕድሜዋ ለዚያ ሥራ አልደረሰም፤ 7ኛ ክፍል ትማር ነበር። በየወሩ ለ5 ቀን ከትምህርት ቤት ቀርታ ለእርከን የሚሆን ድንጋይ ስታመላልስ፣ የምትሠራው በወንድሟ ስም ነበረ።

ክርክሩን ያመጣው መሸኛ ነው። ልጁ በአዲስ አበባ የነዋሪነት መታወቂያ ማውጣት ፈለገ። ይህን ለማግኘት ከትውልድ ቀበሌው የተሰናበተበትን መሸኛ ማቅረብ ነበረበት፤ መሸኛው ከተጻፈ ደግሞ ስሙ ከአባቱ ቤት ይሰረዛል። ስለዚህ አባትየው መጀመሪያ ቈይ አሉ፤ ቀጥሎም እንቢ አሉ። ልጁ ለመስቀል መጥቶ ሳለ ነገሩ በቤት ውስጥ ተነሣ፤ በበዓሉም ማግስት ሁለቱ አብረው ወደ እኔ መጡ። እንድጽፈውም ስማቸውን እንዳልጠራ ብቻ አሳስበው ፈቅደውልኛል።

አባትየው ተራ ሰው አይደሉም። ጾም የማይሽሩ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለሙ የማይውሉ፣ በሰፈሩ ሰው ሲጣላ ለዕርቅ የሚጠሩ ናቸው። ነገራቸውንም እንዲህ ብለው ተናገሩ። «አባ፣ እኔ ሰው አልሰረቅሁም። ልጄ ነው ብዬ አስጻፍሁ፤ ልጄ አይደለምን? እህሉንም እኔ ጠላ ጠምቄ አልጠጣሁትም፤ እኅቶቹ በልተውታል። ነገ ሥራ ፈቶ፣ ታሞ ቢመለስ የሚገባው ወደማን ቤት ነው? በልቤ መዝገብ ያልተሰረዘውን በወረቀት ስለምን ይሰርዙታል? ኃጢአት ነው ካላችሁም ኃጢአቱ በእኔ ላይ ይሁን፤ እርሱ ዝም ይበል።»

ልጁም ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ «አባቴ፣ ልጅዎ አይደለሁም አላልሁም። ነገር ግን በሁለት አገር ተቈጥሬ በአንዱም የለሁም። በአዲስ አበባ ቤት ስከራይ፣ ልጄን ሳስመዘግብ፣ አንተ የማን ነህ ሲሉኝ መልስ የለኝም። እኅቴም በእኔ ስም ድንጋይ ትሸከማለች» አለ።

እኔ በመጀመሪያ የሰጠሁት ምክር ስሕተት እንደ ነበረ እዚህ ላይ መናገር ይገባኛል። ልጁን ታገሥ አልሁት። አባትህ ናቸው፤ ዓመቱ ክፉ ነው፤ እስከ ሚመጣው መኸር ድረስ ቈይ፤ የአባትን ቃል የሚሰብር ልጅ ምን በረከት ያገኛል ብዬ ገሠጽሁት። እርሱም እጄን ተሳልሞ ሄደ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በአንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት ባልቴት ሦስት ልጆቿን ይዛ መጣች። ባሏ ከሞተ ዓመት አልሞላውም። ወደ ቀበሌ ሄዳ ብትለምን የቀበሌው ኮታ ሞልቷል፣ የሚወጣ ሰው ሲኖር ትገቢያለሽ ተብላ ነበር። ያን ጊዜ የሽማግሌው 5ኛ ነፍስ ትዝ አለኝ። በዚያ መዝገብ ላይ ቦታ ይዞ የተቀመጠው ልጅ በአካል የለም፤ በአካል ያለው የባልቴቷ ልጅ ደግሞ ቦታ የለውም። አባትና ልጅ በእኔ ፊት ሲከራከሩ ሦስተኛ ሰው መኖሩን ከሦስታችን አንዳችንም አላሰብንም ነበር።

ወላጅና ልጅ በመዝገብ ጉዳይ ሲጣሉ ብዙውን ጊዜ የሚሳቱት በዚህ ነው። ነገሩን በሁለቱ መካከል ያለ የፍቅርና የመታዘዝ ጉዳይ አድርገው ያዩታል። መዝገብ ግን በቤት ውስጥ ብቻ የሚነገር ቃል አይደለም፤ አባወራው ለማኅበሩ ሁሉ የሚሰጠው ምስክርነት ነው። ከአንድ ጐተራ ብዙ ሰው በሚበላበት ጊዜ፣ ይህን ያህል ነን ብሎ መናገር ለሌላው ይህን ያህል ይቅርለት ብሎ መፍረድም ነው።

በኦሪት የተጻፈውን ቈጠራ እንመልከት። እግዚአብሔር እስራኤል በሲና ምድረ በዳ እንዲቈጠሩ ባዘዘ ጊዜ፣ ከ20 ዓመት ጀምሮ ያለው ወንድ ሁሉ በየወገኑና በየአባቱ ቤት ተቈጠረ (ዘኍ. 1)። ስለዚህ በአባት ቤት መቈጠር የተናቀ ነገር አይደለም፤ ሰው ያለ አባት ቤት ስም የለውም። ነገር ግን ስለ ቈጠራው የሚከፈለው ቤዛ በአባት ቤት አልተሰበሰበም። እያንዳንዱ የተቈጠረ ሰው ስለ ራሱ ነፍስ ግማሽ ሰቅል ይሰጣል፤ ባለጠጋው አይጨምርም፤ ድኻውም አያጐድልም (ዘፀ. 30፥11–16)። ይህን የሚያነብ ሰው የሁለቱን ነገር ልዩነት ያስተውል። ስሙ በአባቱ ዘንድ ነው፤ ዕዳው ግን የራሱ ነው። ለዐቅመ አዳም የደረሰ ልጅ አባቱ ስለ እርሱ ቤዛ ሊከፍል፣ እርሱም በአባቱ ተከልሎ ሊቀር አልተፈቀደለትም። «ልጄ አይደለምን?» የሚለው የሽማግሌው ጥያቄ ስለ ስም ከሆነ እውነት ነው፤ የመዝገቡ ጥያቄ ግን ስለ ስም አልነበረም። ማን ይበላል፣ ማንስ ይሠራል የሚል ነበር።

ያው ግማሽ ሰቅል በወንጌል ዘመን ሁለት ዲናር የተባለው የቤተ መቅደስ ግብር ሆኖ እናገኘዋለን (ማቴ. 17፥24–27)። ቀራጮች ወደ ጴጥሮስ መጥተው መምህራችሁ ይህን አይከፍልምን ብለው ጠየቁ። ጌታም የምድር ነገሥታት ግብር የሚቀበሉት ከልጆቻቸው ነው ወይስ ከሌላው እያለ ጴጥሮስን መርምሮ፣ ልጆች ነጻ መሆናቸውን አስመሰከረው። በዓለም ሁሉ «በአባቴ ቤት የተቈጠርሁ ነኝ፤ ግብር አይገባኝም» ብሎ በእውነት መናገር የሚችል አንድ ልጅ ቢኖር እርሱ ነው። እንዲህ ሲሆን በመብቱ አልተጠቀመም። ሰዎችን እንዳናሰናክላቸው ብሎ ከዓሣው አፍ በተገኘው አንድ እስታቴር ስለ ራሱና ስለ ጴጥሮስ ከፈለ። መብት ያለው ልጅ ስለ ሰዎች መሰናከል ብሎ መብቱን ከተወ፣ መብት የሌለው ልጅ በአባቱ ስም ተከልሎ የባልቴትን ድርሻ ሊይዝ እንዴት ይቻለዋል?

ወደ ሽማግሌው ወደ መጨረሻው ቃል እንመለስ፤ ከሁሉ ይልቅ እርሱ አስጨንቆኛልና። «ኃጢአቱ በእኔ ላይ ይሁን» ብለዋል። ይህ ቃል አዲስ አይደለም። ርብቃ ያዕቆብን የወንድሙን ልብስ አልብሳ፣ በእጁም ላይ የጠቦት ቍርበት አድርጋ ወደ አባቱ ስትልከው፣ ልጁ መርገም እንዳያገኘኝ ብሎ ፈራ፤ እርስዋም መርገሙ በእኔ ላይ ይሁን ብላ አደፋፈረችው (ዘፍ. 27)። ለእናቱ ታዘዘ፤ በታዘዘበትም ሰዓት አባቱን አታለለ። እንግዲህ ርብቃ እንደ ተናገረችው መርገሙን ብቻዋን ተሸከመችውን? ያዕቆብ ከቤት ተሰደደ፤ ርብቃ ጥቂት ቀን ያለችው 20 ዓመት ሆነ፤ ልጇ ሲመለስ እንዳየችው መጽሐፍ አይነግረንም። ያዕቆብም በስተርጅናው የገዛ ልጆቹ የዮሴፍን ቀሚስ በፍየል ደም ነክረው ባመጡለት ጊዜ፣ በልብስና በፍየል የሠራው ነገር በልብስና በፍየል ተመለሰበት። አምላክ ለያዕቆብ ያሰበውን በረከት አልነሣውም፤ ይህ ሌላ ነገር ነው። ነገር ግን ወላጅ ስለ ልጁ ብሎ የልጁን ሐሰት እሸከማለሁ ቢል፣ ያን ሸክም ሊወስድለት ሥልጣን የለውም። ሐዋርያውም ልጆች ለወላጆቻቸው እንዲታዘዙ ሲያዝ መታዘዛቸውን በጌታ ብሎ ወስኖታል (ኤፌ. 6፥1)።

ይህን የሰማ ወጣት ግን ቶሎ ደስ አይበለው። እኔም ልጁን እንደገና ባስጠራሁት ጊዜ በመጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ መሸኛ አልነበረም። ለአባትህ በዓመት ምን ትልካለህ አልሁት። ዝም አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም አልላከም ነበር፤ ኪራይ ጨመረ፣ የድር ዋጋ ተወደደ አለ፤ ሐሰት አልነበረም፤ ግን በመስቀል ሲመጣ አዲስ ካፖርት ለብሶ ነበር። ጌታ ፈሪሳውያንን የገሠጸበትን ነገር አሳሰብሁት፤ እነርሱ ለወላጅ የሚገባውን ገንዘብ ቍርባን ነው፣ ለእግዚአብሔር ተሰጥቷል እያሉ ወላጆቻቸውን ባዶ እጃቸውን ይሰድዱ ነበር (ማር. 7፥9–13)። የእግዚአብሔርን ስም ጠርቶ አባትን መንሣት ከቻሉ፣ እውነትን ጠርቶ አባትን መንሣትም ይቻላል። «ሐሰት አልጻፍም» የሚለው ልጅ እንዲህ ሲል የሚያድነው ነፍሱን ብቻ ነው ወይስ ኪሱንም ጭምር? አባትየው 15ቱን ኪሎ በሐሰት የፈለጉት ልጃቸው በእውነት ስላልሰጣቸው አይደለምን? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ አካለ መጠን በ18 ዓመት ነው ብሎ ልጁን ከሞግዚት ሲያወጣ፣ በወላጅና በልጅ መካከል ቀለብ የመስጠትን ግዴታ አላስቀረም፤ በሁለቱም ወገን አጽንቶታል።

በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችንም ይህንኑ ክርክር በሌላ መልክ እንደሚያገኙት እናውቃለን። በአገራችን የገቢ ግብር ሕግ ደመወዝተኛ ልጆቹን ቈጥሮ ከግብሩ አያስቀንስም፤ በአሜሪካ ግን ወላጅ በእርሱ የሚተዳደረውን ልጅ በግብር ማስታወቂያው ላይ ሲጽፍ የግብር ቅናሽ ያገኛል። ልጁ ከ19 ዓመት በታች ከሆነ፣ ወይም የሙሉ ጊዜ ተማሪ ሆኖ ከ24 ዓመት በታች ከሆነ፣ ከዓመቱም እኩሌታ በላይ ከወላጁ ጋር ከኖረና ከመተዳደሪያው እኩሌታ በላይ ራሱ ካልሸፈነ፣ ወላጁ ሊጽፈው ይችላል። ለትምህርት ከቤት ወጥቶ የሚቈይበትም ጊዜ ከወላጁ ጋር እንደ ኖረ ይቈጠርለታል። ልጁም በራሱ ማስታወቂያ ላይ ሌላ ሰው ሊጽፈኝ አይችልም ቢል ማስታወቂያው ይጋጫል፤ ሁለቱም ይጠየቃሉ። በዚያ አገር ወጣት ተማሪ በትርፍ ሰዓቱ ጥቂት ገንዘብ ስላገኘ አባቴ ስሜን ስለምን ጻፈ እያለ ይቈጣል። ሕጉ ግን ራስህን ቻልህን ብሎ ሳይሆን ማን አበላህ፣ የት ኖርህ ብሎ ይጠይቃል፤ ብዙ ጊዜም እውነቱ በአባት በኩል ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ነገሩ ሁልጊዜ ልጅ ንጹሕ፣ አባት በዳይ የሚሆንበት አይደለም። ሐዋርያው ወራሽ እንኳ ሕፃን ሳለ አባቱ እስከ ወሰነው ቀን ድረስ በሞግዚት በታች ነው ያለው (ገላ. 4፥1–2) እንዲህ ያለውን ጊዜ ያሳስበናል። የካምባው ልጅ ግን ያ ቀን ካለፈው 7 ዓመት ሆኖት ነበር።

ቀሪው ነገር ልጅ አባቱን እንዴት ይቃወም የሚለው ነው። ወደ ቀበሌው ሄዶ አባቴ በሐሰት አስጻፈኝ ብሎ መክሰስ ቀላል ነበረ፤ እውነትም ነበረ። እንዲህ ቢያደርግ ግን የአባቱን ኀፍረት እንደ ገለጠው እንደ ካም ይሆናል እንጂ፣ ፊታቸውን ወደ ኋላ መልሰው እንደ ሸፈኑት እንደ ሴምና እንደ ያፌት አይሆንም። መሸፈን ማለት ደግሞ ሐሰቱን ማስቀጠል አይደለም፤ አባት ራሱ ተነሥቶ እንዲያቀናው መንገድ መተው ነው። በጋሞ አገር ይህን ለማስተማር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው በጋሞ ተወላጆች ላይ የደረሰውን ሞት ሰምተው የተቈጡ ወጣቶች በአርባ ምንጭ ለበቀል በተነሡ ጊዜ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በልጆቻቸው ፊት ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። አባት በልጁ ፊት መንበርከኩ አባትነቱን አላጐደለበትም። በመንገድ ላይ ስለ ደም ይህን ማድረግ ከተቻለ፣ በአንድ ቤት ውስጥ ስለ 15 ኪሎ እህል አይቻልምን?

ሽማግሌውን በቤታቸው አገኘኋቸው። ስለ ርብቃም ስለ ግማሽ ሰቅልም አላስተማርኋቸውም፤ የባልቴቷን ነገር ብቻ ነገርኋቸው። ቤቷን ያውቁታል፤ ባሏን ከቀበሩት አንዱ እርሳቸው ናቸው። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው እሳቱን ሲያዩ ቈዩ። ከዚያም ልጅቷን ጠርተው፣ በሚመጣው ሳምንት ወደ እርከኑ አትሄጂም፣ ወደ ትምህርትሽ ሂጂ አሏት። ለእኔ ግን ምንም አልመለሱልኝም፤ ቡና እንኳ ሳልጠጣ ወጣሁ።

ወደ ቀበሌው የሄዱት ብቻቸውን ነው። ልጄ ወጥቷል፣ ሰርዙት ብለው ተናገሩ። ጸሐፊው ከመቼ ጀምሮ ብሎ ሲጠይቃቸው ዓመቱን ሳይሸሽጉ በመናገራቸው ያለፈውን እህል በሥራ እንዲመልሱ ተፈረደባቸው፤ ልጁ ይህን በሰማ ጊዜ ስለ እርሳቸው ለመሥራት ከአዲስ አበባ መጥቶ 3 ሳምንት በእርከኑ ላይ ዋለ። ባልቴቷ ወዲያው አልገባችም። በሚቀጥለው ምዝገባ ከሦስቱ ልጆቿ ጋር ተጻፈች።

አባትየው ግን ልጁ ድንጋይ ሲሸከም በሰነበተበት 3 ሳምንት ውስጥ ምግብ ከማቅረብ በቀር አላነጋገሩትም፤ መሸኛውንም በእናቱ እጅ ነው የሰጡት። በዓመቱ ለመስቀል ሲመጣ በደጅ ተቀበሉት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአገራችን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ ከዚያ በኋላ በየወረዳው መስፋፋቱ ይታወቃል፤ መዋጮው በአባወራ ሲሆን፣ 18 ዓመት የሞላው ልጅ በዚያ ውስጥ አይጠቃለልም። ሽማግሌው ገና ሰላምታው ሳያልቅ የመድኑን ደብተር አውጥተው፣ «ይኸው፣ እዚህ ላይ አንተ የለህበትም፤ እኔና እናትህ እኅቶችህም ነን፤ የዘመኑ መዋጮ ግን አልተከፈለም» አሉት። ልጁም ካፖርቱን አውልቆ ተቀመጠና ገንዘቡን ቈጠረላቸው።